መሬት የማይጎትት በር ለደጋው ገበሬ

ስለ ገጠር ልማት በተነገረና በተጻፈ ቁጥር በቅድሚያ የሚነሡት ትላልቆቹ ጉዳዮች ናቸው። ማዳበሪያ፣ ምርጥ ዘር፣ መስኖ፣ መንገድና ትራክተር ይነሣሉ። መነሣታቸውም ተገቢ ነው፤ ማንም የሚነቅፈው አይደለም። ይሁን እንጂ ገበሬው በየዕለቱ ከማለዳ እስከ ምሽት በእጁ የሚነካውን፣ የሚያነሣውንና የሚጥለውን ነገር የሚያነሣ ሰው ብዙ ጊዜ አይገኝም። ከእነዚህ ከተዘነጉት ነገሮች አንዱ የግቢውና የበረቱ በር ነው። የዛሬው ጽሑፋችን የሚያተኩረውም በዚሁ ላይ ነው።

በሰሜን ወሎ፣ በመቄት ወረዳ፣ ከጋሸና ወደ ነፋስ መውጫ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ፍላቂት የደጋ ከተማ ናት። በአካባቢዋ ገብስና ስንዴ ይዘራል፤ ባቄላና ምስር ይመረታል። ከሁሉም በላይ ግን በግ ይረባል። በግ ለደጋው ገበሬ የቁጠባ ሣጥኑ ነው። የመሬቱ ግብር ሲደርስ፣ ልጅ ደብተር ሲፈልግ፣ ሰው ሲታመም ወደ ገበያ የሚወጣው በግ ነው። ስለዚህም አንድ በግ በሌሊት ጠፋ ማለት አንድ ሥጋ ጠፋ ማለት ብቻ አይደለም፤ ለክፉ ቀን የተቀመጠ ገንዘብ ተወሰደ ማለት ነው።

የአካባቢው መሬት ተዳፋትና ድንጋያማ ነው። ድንጋዩ ለአጥር አመችቶአል፤ ገበሬው ግቢውንና ጉሮኖውን በካብ ያጥራል። ካቡ በሥርዓት ከተካበ ዕድሜ ጠገብ ነው። ነገር ግን የአጥር ጥንካሬ የሚለካው በበሩ ነው። ካቡ ምንም ያህል ቢያምርና ቢጠነክር በሩ ካልተዘጋ አጥሩ ሁሉ ከንቱ ነው። ችግሩም የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

በሩ ምን ይመስላል?

በደጋው ገጠር በአብዛኛው ሦስት ዓይነት መዝጊያ ይታያል። አንደኛው እሾህ ነው። ተቆርጦ የመጣ የእሾህ ቅርንጫፍ በካቡ ክፍተት ላይ ይጎተትና ይደፈናል። ወጪ የለውም፤ ሆኖም በየጊዜው አዲስ ቅርንጫፍ መቁረጥን ይጠይቃል፤ የሚዘጋውንና የሚከፍተውን ሰው እጅ ያቆስላል። ሁለተኛው መወርወሪያ ነው። አራት ወይም አምስት የባሕር ዛፍ አጣና በሁለት ቋሚዎች መካከል በአግድም ይሰካል። ይህ ከመሬት ጋር ጠብ የለውም፤ ለከብትም ይበቃል። ነገር ግን ሰው ባለፈ ቁጥር አምስቱንም ማውጣትና መመለስ ስለሚያስፈልግ የደከመው ሰው ሁለቱን ብቻ ሰክቶ ይሄዳል፤ ግልገልም በመካከሉ ይሾልካል።

ሦስተኛው ተወዛዋዥ መዝጊያ ነው። ከእንጨት ተጋጥሞ በአንድ ወገን በቋሚው ላይ ይንጠለጠላል፤ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ይዞራል። ከሦስቱ የሚሻለው ይኸው ነው። አንድ ሰው በአንድ እጁ ገፍቶት ማለፍ አለበት። ነገር ግን የብዙው ገበሬ በር በአንድ እጅ አይገፋም። ጫፉ መሬት ነክቶ ይጎትታል፤ ድንጋይ ያግደዋል፤ ጭቃና ፍግ ይይዘዋል። ሊከፍተው የፈለገ ሰው ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ያነሣዋል፤ ካነሣም በኋላ እየተንገዳገደ ይወስደዋል።

የሚጎትት በር የሚያስከትለው ነገር ብዙ ነው። ሁለት ሰው ካላነሣው የማይንቀሳቀስ በር ቀን ቀን ክፍት ሆኖ ይውላል። ማታ ደግሞ እስከሚሄድበት ድረስ ተጎትቶ የቀረው ክፍተት በድንጋይ ወይም በእንጨት ይደገፋል። ጅብ የሚፈልገው ይህንን ክፍተት ነው። በማግሥቱ የሚሰማው ጩኸት «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንደሚባለው ነው። በቀን ደግሞ ከብት ከግቢ ወጥቶ የጎረቤት ቡቃያ ይገባል። ከዚያ በኋላ ሽማግሌ ይቀመጣል፤ ካሣ ይጠየቃል፤ ቂም ይያዛል። ይህ እንዳይሆን የሚፈልግ ቤተሰብ አንድ ልጅ በክፍተቱ ላይ ያስቀምጣል። በዚያ ሰዓት ትምህርት ቤት መገኘት የነበረበት ልጅ በር ሆኖ ይውላል ማለት ነው።

ነገሩ ዛሬ ለምን ይበልጥ ያሳስባል?

ወሎ በ1966 ዓ.ም. እና በ1977 ዓ.ም. የደረሰበት ድርቅና ረሃብ የአገር ቁስል ነው። ከዚያ ወዲህ የተራቆቱ ተራሮችን ከንክኪ መከለል፣ እርከን መሥራትና ችግኝ መትከል በተደጋጋሚ ተሞክሮአል። በ1983 ዓ.ም. በመንግሥት ለውጥ ወቅት ግን ተከልለው የነበሩ ብዙ ተራሮችና የጋራ ደኖች ተጨፍጭፈዋል፤ ከብትም ገብቶባቸዋል። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል የተፋሰስ ልማት ሥራ በየዓመቱ በሕዝብ ዘመቻ ሲካሄድ ቆይቷል። ከዚሁ ጋር አብሮ የሚሰጠው ምክር ልቅ ግጦሽ ይቅር፣ ሣሩ እየታጨደ ከብቱ በግቢ ይመገብ የሚል ነው።

ምክሩ ትክክል ነው። የከብት እግር በሚረግጠው እርከን ላይ ሣር አይበቅልም፤ ችግኝም አይጸድቅም። ነገር ግን ከብቱ በግቢ ይዋል ሲባል በሩ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚከፈትና እንደሚዘጋ የሚያስብ ሰው አለን? ቀድሞ ከብቱ ጠዋት ወጥቶ ማታ ይገባ ስለነበር በሩ በቀን ሁለት ጊዜ ቢጎተት ችግሩ ይቻል ነበር። ዛሬ ግን ሣር የተሸከመ ይገባል፤ ውሃ የተሸከመች ትገባለች፤ ፍግ የሚያወጣ ይወጣል። እነዚህ ሁሉ እጃቸው ባዶ አይደለም። የሣር ሸክም በጀርባዋ ያዘለች ሴት መሬት የሚጎትት በር ማንሣት አትችልም። ሸክሟን አውርዳ፣ በሩን አንሥታ፣ ሸክሟን እንደገና ተሸክማ፣ ገብታ፣ ተመልሳ መዝጋት አለባት። ይህንን በቀን ስድስትና ሰባት ጊዜ ማድረግ ያለባት ሴት በሩን ክፍት ብትተወው የሚወቅሳት ማነው? ስለዚህም ከብቱ በግቢ ይመገብ የሚለው ምክር በተግባር እንዲውል በአንድ እጅ የሚገፋ በር ያስፈልጋል።

በሩ ለምን ይጎትታል?

በር የሚጎትትበት ምክንያት ሁለት ነው። አንዱ በሩ ወደ መሬት ሲወርድ ነው፤ ሁለተኛው መሬቱ ወደ በሩ ሲወጣ ነው። ሁለቱ የተለያየ መድኃኒት ስለሚሹ ለይቶ ማየት ይጠቅማል።

በሩ ወደ መሬት የሚወርደው በክብደቱ ነው። ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ክብደቱ 40 ኪሎ የሆነ መዝጊያ ብናስብ ክብደቱ ሁሉ ከቋሚው 1 ሜትር ርቆ እንደ ተንጠለጠለ ይቆጠራል። ላይኛው ማሠሪያ ቋሚውን ወደ በሩ ይጎትታል፤ ታችኛው ደግሞ ይገፋዋል። በሁለቱ ማሠሪያዎች መካከል ያለው ርቀት 60 ሳንቲ ሜትር ብቻ ከሆነ ላይኛው የሚጎተትበት ኃይል 67 ኪሎ ያህል ይሆናል። ርቀቱ 1 ሜትር ከ20 ሲሆን ግን ወደ 33 ኪሎ ይወርዳል። እንግዲህ ምንም ወጪ ሳይጨመር፣ ላይኛውን ማሠሪያ ከፍ፣ ታችኛውን ዝቅ በማድረግ ብቻ የላይኛው ማሠሪያ ሸክም በግማሽ ይቀንሳል ማለት ነው። ቋሚው ራሱ በ1 ሜትር ከፍታ ላይ 2 ሳንቲ ሜትር ብቻ ወደ በሩ ካዘነበለ የባለ 2 ሜትሩ በር ጫፍ 4 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። ስለሆነም የቋሚው ጉድጓድ ጥልቅ ይሁን፤ ዙሪያውም በአፈር ብቻ ሳይሆን በድንጋይ ይጠቅጠቅ። ቋሚው ከካቡ ጋር በረጃጅም ድንጋዮች ቢያያዝ ደግሞ የተሻለ ነው።

ከዚህም ሌላ የሰያፉ እንጨት ነገር አለ። መዝጊያው ቅርፁን እንዳያጣ በሰያፍ የሚመታው እንጨት መነሻው በቋሚው በኩል ከታች፣ መድረሻው በጫፉ በኩል ከላይ መሆን አለበት። እንጨት ሲገፋ ይጠነክራልና የጫፉን ክብደት ከሥር ደግፎ ወደ ቋሚው ያመጣዋል። ብዙ ቦታ የሚታየው ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ እንጨቱ ከቋሚው ላይ ተነሥቶ ወደ ጫፉ ታች ይወርዳል። እንዲህ ሲሆን የሚይዘው ምስማሩ ብቻ ይሆንና ምስማሩ ሲላላ በሩ ይወድቃል። በእንጨት ፈንታ ሽቦ ወይም ጠፍር የሚጠቀም ሰው ካለ ግን አቅጣጫው ይለወጣል። ሽቦ ሲሳብ እንጂ ሲገፋ አይጠቅምምና ከቋሚው ላይ ተነሥቶ ወደ ጫፉ ታች ይውረድ።

ዳገቱን የሚያልፍ በር

ሁለተኛው ምክንያት፣ ማለትም መሬቱ ወደ በሩ የሚወጣበት፣ የፍላቂትን አካባቢ ገበሬ ይበልጥ የሚመለከተው ነው። ግቢው በተዳፋት ላይ ስለሆነ መሬቱ ከበሩ ወደ ውስጥ ሲገቡ ከፍ ይላል። በ2 ሜትር ርቀት 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ የሚል መሬት እንውሰድ። ሲዘጋ ከመሬት አንድ ጋት ከፍ ያለ በር ወደ ውስጥ ሲከፈት ግማሽ መንገድ እንኳ ሳይሄድ ከዳገቱ ጋር ይጋጫል። ብዙው ሰው የሚወስደው እርምጃ በሩ የሚዞርበትን መሬት መቆፈር ነው። ዛሬ የተቆፈረውን ግን ክረምቱ ያመጣው ደለልና ከብቱ የሚጥለው ፍግ ይሞላዋል። በየዓመቱ መቆፈር መፍትሔ አይባልም።

የመጀመሪያውና ርካሹ መፍትሔ በሩን ወደ ቁልቁለቱ ማስከፈት ነው። መሬቱ ወደ ውጭ ዝቅ የሚል ከሆነ በሩ ወደ ውጭ ሲከፈት ከመሬት ይርቃል እንጂ አይጋጭም። ገበሬው ይህንን የማይወድበት ምክንያት ግን አለው። በጉሮኖ ውስጥ የተጨናነቁ በጎች በሩን ወደ ውጭ ይገፋሉ፤ መቀርቀሪያው ካልጠነከረ ይወረውሩታል። ደግሞም በሩ በሕዝብ መተላለፊያ ላይ ከተከፈተ ጎረቤት ያማርራል። ምክንያቱ ተገቢ ስለሆነ ሌላ መንገድ መፈለግ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው መፍትሔ መድረክ ነው። መዝጊያው ከመሬት 12 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ተደርጎ ይሰቀላል። ሲዘጋ ከሥሩ የሚቀረው ክፍተት ለግልገልና ለቀበሮ እንዳይመች በሩ በሚያርፍበት መሥመር ላይ ብቻ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይደረደራል። በድንጋዩና በበሩ መካከል ሁለት ጣት ያህል ብቻ ይቀራል። በሩ ሲከፈት ከመድረኩ ላይ ተነሥቶ ዝቅ ወዳለው መሬት ስለሚሄድ ጠጠርና ጭቃ አይነካውም። ከብትም ሆነ የተጫነ አህያ ይህንን ያህል መድረክ ተራምዶ ያልፋል። መዘንጋት የሌለበት የዝናቡ ውሃ ነው። ከላይ የሚመጣው ጎርፍ መድረኩን ግድብ አድርጎ ጭቃ እንዳያከማች ከበሩ በላይ በሰያፍ ቦይ ይቀደድለት፤ በመድረኩም ሥር ጠባብ ማፍሰሻ ይተውለት።

ሦስተኛው መፍትሔ ከሁሉም የሚያስደንቀው ነው፤ እየተከፈተ ከፍ የሚል በር መሥራት ነው። ይህ ሲባል የውጭ አገር ዕቃ የሚያስፈልግ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን መሠረቱ በአገራችን ያለ ነው። በቆዩ ቤቶችና አብያተ ክርስቲያናት የሚታየው የሳንቃ መዝጊያ በብረት ማጠፊያ የሚዞር አይደለም። ከራሱ እንጨት ከላይና ከታች የወጡ ሁለት ጉጦች አሉት፤ ታችኛው በመድረኩ ጉድጓድ፣ ላይኛው በጉበኑ ቀዳዳ ውስጥ ገብተው ይዞራሉ። አለት ፈልፍሎ ቤተ ክርስቲያን ለሠራው የላስታ ሰው ድንጋይ ላይ አንድ ጉድጓድ መሥራት አዲስ ጥበብ አይደለም። ለግቢ በርም እንዲሁ ማድረግ ይቻላል። መዝጊያው የሚዞርበት ወፍራም እንጨት ከወይራ ወይም ከጽድ ይሁን፤ ታችኛው ጫፉ በተፈለፈለ ጠንካራ ድንጋይ ላይ ይቁም፤ ላይኛው በብረት ቀለበት፣ በጠፍር ወይም በአሮጌ የመኪና ጎማ ቁራጭ ከቋሚው ጋር ይያያዝ። እንዲህ ሲሆን የበሩን ክብደት የሚሸከመው ምስማር ሳይሆን ድንጋዩ ነው።

አሁን ምሥጢሩ እነሆ። ታችኛው ድንጋይ ከላይኛው ቀለበት ትክክል በታች አይቀመጥ። በሩ ወደሚከፈትበት ወገን፣ ማለትም ወደ ውስጥ፣ ትንሽ ይግባ። በቀለበቱና በድንጋዩ መካከል ያለው ቁመት 1 ሜትር ከ20 ከሆነ 12 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። የሚዞርበት እንጨት አናቱ ወደ ውጭ፣ እግሩ ወደ ውስጥ ያዘነበለ ይሆናል። እንዲህ የቆመ ባለ 2 ሜትር በር ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ጫፉ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል። በዚህ ላይ በመድረኩ ምክንያት ያገኘነው 12 ሳንቲ ሜትር ሲጨመር 32 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ከላይ የጠቀስነውን የ30 ሳንቲ ሜትር ዳገት አለፈ ማለት ነው። አንድም ብር አልወጣም፤ የተለወጠው የድንጋዩ ቦታ ብቻ ነው።

ይህ አሠራር አንድ ተጨማሪ ጥቅም አለው። ሲከፈት ከፍ ያለ በር ሲለቁት በክብደቱ ወደ ቦታው ይመለሳል። ሣር የተሸከመችው ሴት ዞራ ካልዘጋችው፣ እረኛው ልጅ ቸኩሎ ከረሳው፣ በሩ ራሱ ይዘጋል። በእንግሊዝ አገር ኮረብታማ የበግ አርቢ አካባቢዎችም ዳገት ላይ ያለ በር በዚሁ ዘዴ ማጠፊያው ተዛንፎ ይሰቀላል። ጥንቃቄ የሚያሻው ሁለት ነገር ብቻ ነው። በሩ ሲዘጋም አናቱ ወደ ውጭ ያዘነበለ ስለሚሆን የሚያርፍበት ቋሚ በዚያው መጠን አዘንብሎ ይተከል። ከብት በብዛት በሚገባበትና በሚወጣበት ጊዜም በሩ ተመልሶ እንዳይመታቸው ክፍት አድርጎ የሚይዝ መንጠቆ ወይም የገመድ ቀለበት በካቡ ላይ ይኑር።

ዳገቱ ከዚህም የከፋ ከሆነ አንዱን ባለ 2 ሜትር መዝጊያ ለሁለት ከፍሎ ባለ 1 ሜትር ማድረግ ይቻላል። የእያንዳንዱ ጫፍ የሚደርሰው ግማሽ ርቀት ብቻ ስለሆነ የሚያጋጥመው ዳገትም ግማሽ ይሆናል። ለሰፊ መግቢያ ደግሞ የኬላውን ግንድ ማሰብ ይጠቅማል። በመንገዶቻችን ላይ ያለው ኬላ ረጅም ግንድ ነው፤ በአጭሩ ጫፍ ድንጋይ ታስሮበት አንድ ሰው በአንድ እጁ ያነሣዋል። በአውሮፓ በአንዳንድ የከብት አርቢ አካባቢዎች የሚዞር በርም በዚሁ መንገድ ይሠራል። የላይኛው አግዳሚ ወፍራም ግንድ ሆኖ ከቋሚው አልፎ ወደ ኋላ ይረዝማል፤ የኋላው ክብደት የፊቱን ጫፍ ከመሬት ያነሣዋል። ባሕር ዛፍና ድንጋይ ላለው ገበሬ ይህም ሩቅ አይደለም።

ተቃውሞውና መልሱ

ይህንን ሐሳብ ስናቀርብ «ገበሬው ስንትና ስንት ችግር እያለበት ስለ በር ማውራት ምንድነው?» የሚል ሰው እንደሚኖር እንገምታለን። ጥያቄው ከቅንነት የመነጨ ነው። ማዳበሪያ በወቅቱ አለመድረሱን፣ ውርጭ ቡቃያ መምታቱን፣ የመሬት መጥበብን በር አይፈታውም። ነገር ግን ትልቁን ችግር እስክንፈታ ትንሹን እናቆየው ማለት ለገበሬው አይበጅም። የማዳበሪያው ነገር በገበሬው እጅ አይደለም፤ የበሩ ነገር ግን በእጁ ነው። እንጨቱም ድንጋዩም ከደጁ አለ። የጎደለው ትንሽ ዕውቀትና አንድ የሚታይ ምሳሌ ነው።

ሌላው ተቃውሞ «ገበሬው ከአባቱ የወረሰው በር ይበቃዋል» የሚለው ነው። እርግጥ አባቶች የሠሩት ለዘመናቸው ይስማማ ነበር። ከብቱ ቀኑን ሙሉ በመስክ ሲውል በሩ ብዙ ሥራ አልነበረበትም። ዛሬ አኗኗሩ እንዲለወጥ የምንመክረው እኛው ከሆንን ዕቃው አብሮ እንዲለወጥ መርዳትም የእኛ ግዴታ ነው።

ምን ይደረግ?

በመጀመሪያ በየቀበሌው ያሉ የገበሬዎች ማሠልጠኛ ማዕከላት የራሳቸውን በር ያስተካክሉ። ልቅ ግጦሽ ይቅር እያለ የሚያስተምር ማዕከል የራሱ በር መሬት የሚጎትት ከሆነ ትምህርቱን ማን ይቀበለዋል? በዳገት ላይ የሚሠራ አንድ በር በማዕከሉ መግቢያ ቢቆም ገበሬው በገባና በወጣ ቁጥር ይገፋዋል፤ ብዙ ከመነገር አንድ ጊዜ መግፋት ይበልጣል።

ሁለተኛ፣ የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎች የእንጨት ሥራ ሠልጣኞቻቸውን ከጠረጴዛና ከወንበር ሌላ የግቢ በር ያሠሯቸው። የሰያፉን አቅጣጫና የታችኛውን ድንጋይ አቀማመጥ የሚያውቅ ወጣት በፍላቂት ገበያ ቀን አንድ ናሙና ይዞ ቢቆም ሥራ አያጣም። ሦስተኛ፣ ከንክኪ በተከለሉ ተራሮች መግቢያ ላይ በሕዝብ ጉልበት አጥር ሲታጠር በሩም ከዕቅዱ ውስጥ ይግባ። አጥሩ በዘመቻ ተሠርቶ በሩ በእሾህ ሲደፈን በጋው ሳያልቅ እሾሁ ይነሣል፤ ከብቱም ይገባል።

አራተኛው ጉዳይ የሴቶችን ድምፅ ይመለከታል። በሩን የሚሠራው በአብዛኛው ወንዱ ነው፤ በቀን ብዙ ጊዜ የምትከፍተውና የምትዘጋው ግን ሴቷና ልጆቿ ናቸው። ስለዚህ በር ሲሠራ መቀርቀሪያው በምን ያህል ከፍታ ይሁን፣ በየትኛው እጅ ይከፈት፣ ወደየት ይዙር የሚለውን እነሱ ይናገሩ። የአሥር ዓመት ልጅ በአንድ እጁ ገፍቶ የሚያልፈው በር ጥሩ በር ነው። ከዚህ የተሻለ መመዘኛ አናውቅም።

«ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ አበው። ክረምቱ ገብቶ መሬቱ ከመላቆጡ በፊት፣ ድንጋዩ ደረቅ ሳለ፣ ቋሚውን ማቃናትና መድረኩን መደርደር የአንድ ቤተሰብ ጉልበት የሚበቃው ሥራ ነው። የግብርና ልማት ሠራተኞችም በየግቢው ሲዘዋወሩ ስለ ዘሩና ስለ ማዳበሪያው ከጠየቁ በኋላ በሩን በአንድ እጃቸው ገፍተው ይፈትኑት። ከጎተተ በቦታው ያለው ሥራ ገና አላለቀም ማለት ነውና የሚመለከታቸው ሁሉ ያስቡበት እንላለን።